ክርና ፊደል
ስለ ሹራብ፣ ስለ ፈትልና ስለ ስፌት ሥራ የተጻፉ መጻሕፍትና ተረቶች፤ በሞያሌ ለሚያስተምሩ መምህራን የተዘጋጀ ንግግር



ሊቃውንት የሰው ልጅ ከእንስሳ የሚለይበትን ነገር ሲቈጥሩ አስቀድመው ንግግርን፣ ቀጥለውም ጽሕፈትን ይጠራሉ። ከነዚህ ከሁለቱ ጐን ሊቆም የሚገባው ሦስተኛ ነገር ግን ብዙ ጊዜ ይዘነጋል፤ እርሱም ክር ነው። ያለ ክር ልብስ አይለበስም፤ ያለ ገመድ ግመል አይጫንም፤ ያለ ስፌት እህል አይሰፈርም። አንድ ቀጭን የጥጥ ጭረት ብቻውን ሲሆን ሕፃን በጣቱ ይበጥሰዋል፤ ተፈትሎ ሲከር ግን ሰው ይሸከማል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው የአበው ምሳሌ የተወለደው ከዚሁ ሥራ ነው።

ክርና ፊደል የሩቅ ዘመዶች አይደሉም። በአውሮፓ ቋንቋዎች ጽሑፍን የሚያመለክተው ቃል ከላቲን የመጣ ሲሆን፣ የጥንት ትርጓሜው የተሸመነ ነገር ማለት ነው። በአማርኛም እንደዚሁ ሁለት ሰዎች ሲዋደዱ ድርና ማግ ሆኑ ይባላል፤ ተንኮለኛም ነገር ጐነጐነ ይባላል። ሕዝብ አሳቡን የሚገልጽበትን ምሳሌ የሚወስደው አዘውትሮ በእጁ ከሚነካው ነገር ነውና፣ ይህ ሁሉ አነጋገር የፈታዮችና የሸማኔዎች ውርስ ነው።

የዚህ ንግግር ዓላማ ሦስት ነው። አንደኛ፣ የዓለም ደራስያን ስለ ክር ሥራ፣ ይልቁንም ስለ ሹራብ ሥራ የጻፉትን ባጭሩ ማመልከት፤ ሁለተኛ፣ በኢትዮጵያና በሞያሌ አካባቢ ይኸው ሥራ በተረትና በመጽሐፍ ምን ቦታ እንደ ተሰጠው መመርመር፤ ሦስተኛ፣ በድንበር ከተማ የሚያስተምር መምህር ከዚህ ነገር ምን ሊያደርግ እንደሚችል ማሳየት ነው። የዓመተ ምሕረቱ ነገር እንዳያሳስት፣ ዓ.ም. ተብሎ የተጻፈው በኢትዮጵያ፣ እ.ኤ.አ. ተብሎ የተጻፈው በአውሮፓ አቈጣጠር መሆኑን ልብ ይሏል።

አስቀድሞ ስለ ሥራው ዐይነት ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። ሽመና ድርና ማግ የሚባሉ ሁለት ክሮች ተገናኝተው የሚሠራ ነው፤ አንዱ ተዘርግቶ ይጠብቃል፣ ሌላው በመወርወሪያ እየተወረወረ ያልፍበታል። ለሹራብ ግን አንድ ክር ይበቃዋል። ያው አንዱ ክር በሁለት ረዣዥም መርፌዎች ላይ ቀለበት እየሆነ፣ አንዱ ቀለበት በሌላው ውስጥ እያለፈ፣ መደዳው በመደዳ ላይ እየተነባበረ ይሄዳል። ስለዚህ ሹራብ እንደ ሰውነት ቅርጽ ይለጠጣል፣ መልሶም ይሰበሰባል፤ አንድ ቀለበት ቢያመልጥ ግን እስከ ታች ይተረተራል። በቤት ውስጥ ጠረጴዛና ወንበር የሚያስጌጠው ዳንቴል የሚሠራበት ኪሮሽ ደግሞ ጫፉ ቈልመም ያለ አንድ መርፌ ብቻ የሚፈልግ ሙያ ነው። መሶቡና ሰፌዱ በወስፌ፣ በስንደዶና በአክርማ ይሰፋል። ሁሉም ግን አንድ ባሕርይ ይጋራሉ፤ ይኸውም ቈጠራና ትዕግሥት ነው።

የሹራብ ታሪክ ወደ አፍሪካ ምድር መመለሱ መምህርን ሊያስደስት ይገባዋል። በአንድ መርፌ የተሠሩ፣ ጫማ ከነጠላው ጋር እንዲስማማ አውራ ጣት ለብቻው የተለየባቸው ቀይ የሱፍ ካልሲዎች በግብፅ አገር በኦክሲሪንኩስ ከመሬት ተቈፍረው ወጥተዋል፤ ዕድሜያቸው ከ3ኛው እስከ 5ኛው ምዕተ ዓመት ይገመታል። በሁለት መርፌ የተሠሩት ከጥንቶቹ መካከል የሚቈጠሩት የሹራብ ቍራጮችም ከ11ኛው እስከ 14ኛው ምዕተ ዓመት ከነበረችው ግብፅ የተገኙ ናቸው። በዐረብኛ ካልሲን የሚያመለክተው ቃል ከአማርኛው ሹራብ ጋር በድምፅ መመሳሰሉ፣ በአማርኛም ካልሲ የእግር ሹራብ ይባል የነበረ መሆኑ ከዚህ ጋር ሲታሰብ ደስ የሚያሰኝ ነገር ነው። ከዚያ በኋላ ሙያው በአውሮፓ ተስፋፍቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1589 ዊልያም ሊ የሚባል እንግሊዛዊ ካልሲ የሚሠራ መኪና እስከ መፍጠር ደረሰ። ዛሬ በሞያሌ መንገድ ላይ ወደ ትምህርት ቤት የሚሄደው ተማሪ የሚለብሰው ሹራብ የዚያ መኪና የልጅ ልጅ ነው።

አሁን ወደ መጻሕፍቱ እንለፍ። ደራስያን ሹራብ የምትሠራ ሴትን በታሪካቸው ውስጥ ሲያስገቡ ስለ ጌጥ ብቻ አያስገቡም። ዝም ብላ ተቀምጣ እጅዋን የምታንቀሳቅስ ሴት ምን ታስባለች? የሚለው ጥያቄ ሁሉንም ያሳስባቸዋል፤ መልሳቸው ግን ይለያያል።

የዴንማርኩ ሐንስ ክርስቲያን አንደርሰን እ.ኤ.አ. በ1838 ያወጣው የዱር ዳክዬዎችን የሚመስሉ ነጫጭ የውሃ ወፎች ስለ ሆኑ ወንድማማቾች የሚናገር ተረት አለ። ዐሥራ አንድ የንጉሥ ልጆች በእንጀራ እናታቸው አስማት ወፎች ይሆናሉ። እኅታቸው ኤሊዛ ልታድናቸው የምትችለው ከሳማ ቅጠል ክር አውጥታ ዐሥራ አንድ ሸሚዝ ስትሠራላቸው፣ ሥራውም እስኪፈጸም አንዲት ቃል ሳትናገር ስትቈይ ብቻ ነው። ሳማው እጅዋን ያቃጥላታል፤ ዝምታዋም በጠንቋይነት ያስከስሳታል፤ እርስዋ ግን ወደ ሞት ስትወሰድ እንኳ ሥራዋን አታቋርጥም። በመጨረሻ ሸሚዞቹን በወፎቹ ላይ ስትጥል ሰዎች ይሆናሉ። የአንዱ ሸሚዝ እጅጌ ስላላለቀ ግን ታናሹ ወንድም በአንድ ክንዱ ፈንታ የወፍ ክንፍ ይዞ ይቀራል። ይህ ያልተፈጸመ እጅጌ ተረቱን ከተራ ተረት ከፍ ያደርገዋል፤ የሰው ፍቅር ብርቱ ቢሆንም ጊዜ የሚያጐድለው ነገር መኖሩን ሕፃን ሳይቀር እንዲያስተውል ያደርጋልና።

እንግሊዛዊው ቻርልስ ዲክንስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1859 ስለ ለንደንና ስለ ፓሪስ በጻፈው ልብ ወለድ ውስጥ ማዳም ዴፋርዥ የምትባል የጠጅ ቤት ባለቤት ያሳየናል። ይህች ሴት ቀኑን ሙሉ ሹራብ ትሠራለች፤ ሹራቡ ግን ልብስ አይደለም፣ መዝገብ ነው። የፈረንሳይ አብዮት ሲነሣ ሊቀጡ የሚገባቸውን ሰዎች ስም በምልክት እየሠራች ታኖራለች። ፊደል ያልተሰጠው ሕዝብ በደሉን በምን ይጽፋል? ለሚለው ጥያቄ የዲክንስ መልስ አስፈሪ ነው፤ በእጁ ሥራ ይጽፈዋል፣ ቀኑም ሲደርስ ያነበዋል።

ዮሴፍ ኮንራድ እ.ኤ.አ. በ1899 ስለ ኮንጎ ጕዞ በጻፈው ታሪክ፣ ወደ አፍሪካ የሚላኩት የኩባንያ ሠራተኞች ውል በሚፈርሙበት ቤት ደጃፍ ላይ ጥቍር ሱፍ እየሠሩ የተቀመጡ ሁለት ሴቶች አሉ። በዚያ በር የሚያልፈው ብዙው አይመለስም፤ ሴቶቹም ይህን የሚያውቁ ይመስላሉ። ቨርጂኒያ ዎልፍ እ.ኤ.አ. በ1927 ባሳተመችው መጽሐፍ ደግሞ ወይዘሮ ራምዚ ለመርከብ መሪ መብራት ጠባቂ ታማሚ ልጅ ካልሲ ትሠራለች፤ ርዝመቱንም በገዛ ልጅዋ እግር ላይ እየለካች ቁም፣ አትነቃነቅ ትለዋለች። በኮንራድ ዘንድ ክሩ የሞት ጠባቂ፣ በዎልፍ ዘንድ ግን አንዲት እናት ለማታውቀው የሌላ እናት ልጅ የምታስብበት መንገድ ነው።

እንግዲህ አንድ ሥራ በአራት ደራስያን እጅ አራት ትርጕም አገኘ፤ ፍቅር፣ በቀል፣ ሞት፣ ርኅራኄ። ከእነርሱ ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ቀድሞ ሆሜር ስለ ጴኔሎጴ የተናገረው ታሪክም ከዚሁ ወገን ነው፤ ቀን የሸመነችውን ሌሊት እየተረተረች ሊያገቡዋት የመጡትን ሰዎች ሦስት ዓመት አታለለቻቸው። ሥራውን ለሚንቅ ሰው ሁሉም አንድ ነገር ይነግሩታል፤ ክር የያዘች ሴት አሳብ ይዛለች።

ከልብ ወለዱ ሌላ ሙያውን ራሱን የሚያስተምሩ መጻሕፍት አሉ። ሪቻርድ ሩት የተባሉት የእንግሊዝ ጳጳስ የሌስተር ሀገረ ስብከት መሪ ሳሉ እ.ኤ.አ. በ1987 የእጅ ሹራብን ታሪክ የሚያጠና ሰፊ መጽሐፍ አሳትመዋል፤ የቤተ ክርስቲያን አለቃ መርፌ መያዝን ነውር አለማድረጋቸው ራሱ ትምህርት ነው። በእንግሊዝ አገር ተወልዳ በአሜሪካ የኖረችው ኤሊዛቤት ዚመርማን እ.ኤ.አ. በ1971 ባወጣችው መጽሐፍ ሠራተኛው የሌላውን ሰው መመሪያ በጭፍን ከመከተል ይልቅ በራሱ ሒሳብ እንዲሠራ አስተምራለች። ሒሳቡም ቀላል ነው። አስቀድሞ ትንሽ ቍራጭ ይሠራል፤ በ10 ሳንቲ ሜትር ውስጥ 20 ቀለበት ቢገኝ፣ ለ1 ሳንቲ ሜትር 2 ቀለበት ይደርሰዋል። የልጁ ደረት ዙሪያ 80 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ ለመንቀሳቀሻ ከመቶ ዐሥር ሲጨመር 88 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ ስለዚህ ሥራው በ176 ቀለበት ይጀመራል። ልኬት፣ ማባዛት፣ ከመቶ እጅ፣ ሬሾ፤ አራቱም የሒሳብ ትምህርቶች በአንድ ሹራብ ውስጥ ተቀምጠዋል።

ወደ ኢትዮጵያ ስንመለስ፣ ክር በአገሪቱ ትውፊት ከፍተኛ ክብር ያለው ሆኖ እናገኘዋለን። በቤተ ክርስቲያን ትውፊት መልአኩ ገብርኤል እመቤታችንን ባበሠራት ጊዜ ለቤተ መቅደስ መጋረጃ ሐርና ወርቅ ትፈትል እንደ ነበረ ይነገራል፤ ሠዓልያንም እንዝርት አስይዘው ይሥሉዋታል። በመጽሐፈ ምሳሌ መጨረሻ የተመሰገነችው ብልኅ ሴትም እጅዋን ወደ እንዝርት የምትዘረጋ ናት። በደጋው አገር እናቶች ጥጡን በመዳመጫ ዳምጠው፣ በደጋን ነድፈው፣ ባዘቶውን በእንዝርት ፈትለው ልቃቂቱን ለሸማኔ ያቀርቡ ነበር፤ በየቤቱ የሚነገረውም ተረት ብዙውን ጊዜ በዚሁ የፈትል ሰዓት የሚነገር ነው። ሕፃኑ ተረቱን የሰማው የእንዝርቱን መሽከርከር እያየ ነው።

የሚያሳዝነው ግን ሥራው ሲከበር ሠራተኛው አለመከበሩ ነው። በጐንደር አካባቢ ሽመና የእስላሞችና የቤተ እስራኤል ሙያ ነበር፤ በደቡብ ደግሞ የጋሞ ደጋ ዶርዜዎች በሽመና ስማቸው ተጠራ። ሸማውን በበዓል ቀን የለበሰው ሰው ሸማኔውን በሥራው ስም ይሰድበው ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሥራ ያለውን ሰው በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከ ማስነገር የደረሱት በዚሁ ምክንያት ነው። አዋጁ ስድቡን ከአፍ ከለከለ፤ ከልብ የማውጣቱ ሥራ ግን ለመምህራን የተተወ ነው ማለት ይቻላል።

የአማርኛ ልብ ወለድ በአፈ ወርቅ ገብረ ኢየሱስ ድርሰት እ.ኤ.አ. በ1908 በሮማ ታትሞ ከተጀመረ ወዲህ ብዙ መንገድ ሄዷል። በዚህ መንገድ ላይ ለመምህር ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው ሐዲስ ዓለማየሁ ነው። ፍቅር እስከ መቃብር የተባለውን ታላቅ ድርሰቱን በ1958 ዓ.ም. ከማሳተሙ አስቀድሞ፣ በ1948 ዓ.ም. ተረት ተረት የመሠረት በሚል ስም ተረቶችን በመጽሐፍ አቅርቦ ነበር። ትልቁ ድርሰት ከትንሹ ተረት በኋላ መምጣቱ ልብ ሊባል ይገባዋል፤ የቤቱን ተረት ያላከበረ የዓለምን ልብ ወለድ አይጽፍም።

አሁን ዋናው ጕዳይ ወደ ሆነው ወደ ሞያሌ እንምጣ። ሞያሌ ከናይሮቢም ከአዲስ አበባም በየአቅጣጫው ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ፣ በሁለት አገሮች የተከፈለች አንዲት ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ1907 ዳግማዊ ምኒልክና የእንግሊዝ መንግሥት የተዋዋሉት የወሰን ውል ቦረናንና ገብራን በሁለት መንግሥት ሥር አኖራቸው፤ ቋንቋቸውን፣ የውሃ ጕድጓዳቸውንና ዝምድናቸውን ግን አልከፈለም። የኬንያው ወገን በማርሳቢት ካውንቲ ውስጥ ይገኛል። አስፋልቱ ከኢሲዮሎ እስከ ድንበሩ ከደረሰና እ.ኤ.አ. በ2020 የሁለቱ አገሮች የጋራ የድንበር መቈጣጠሪያ ከተመረቀ ወዲህ ዕቃ በብዛት ይመላለሳል። ከሚመላለሰውም ዕቃ መካከል የፕላስቲክ ጀሪካን ይገኝበታል።

ጀሪካኑን ማንሣት ያስፈለገው ያለ ምክንያት አይደለም። የቦረና ሴቶች ጎርፋና ጪጮ የሚባሉትን የወተት ዕቃዎች ከዕፅ ሥርና ከቃጫ ጥብቅ አድርገው ይሠራሉ። ሥራው ብዙ ቀን የሚፈጅ ነው፤ ዙሩ በዙር ላይ ሲነባበር ክፍተት ከተገኘበት ወተቱ ያፈሳልና ዐይንና ጣት አይዘናጉም። ዕቃው ካለቀ በኋላ መልካም ሽታ ባለው እንጨት ጢስ ይታጠናል፤ ጢሱም ለወተቱ ጣዕም ይሰጠዋል፣ ቶሎ እንዳይበላሽም ይረዳል። የገብራ ሴቶች ደግሞ ከቃጫ የሚሠሩት ሰሌን የቤታቸው ግድግዳና ክዳን ነው። ቤቱን የምትሠራው፣ የምታፈርሰው፣ በግመል ላይ የምትጭነውና በአዲሱ ሰፈር መልሳ የምታቆመው ሴትዮዋ ናት። ከሹራቡ ጋር ያለው ዝምድናም ይኸው ነው፤ ከቀጭን ነገር ጀምሮ በቈጠራ ቤት የሚያህል ነገር መሥራት።

ስለዚህ ሕዝብ የተጻፉ መልካም መጻሕፍት አሉ። አስመሮም ለገሠ እ.ኤ.አ. በ1973 ስለ ገዳ ሥርዓት ያሳተሙት መጽሐፍ በዓለም የታወቀ ነው፤ ሥርዓቱም እ.ኤ.አ. በ2016 በዩኔስኮ መዝገብ ገብቷል። አኒሳ ካሳም ገብራዎች የቃል ትውፊታቸውን እንዴት እንደሚመለከቱት እ.ኤ.አ. በ1986 ጽፈዋል። በማርሳቢት አገር ብዙ ዘመን የኖሩት ካህን ፓውሎ ታብሊኖ ስለ ገብራ ግመል አርቢዎች ያዘጋጁት መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1999 በእንግሊዝኛ ወጥቷል። ቶን ሌውስና ሲንቲያ ሳልቫዶሪም የቦረናን ባህል በመዝገበ ቃላት መልክ አዘጋጅተው እ.ኤ.አ. በ2006 በአዲስ አበባ አሳትመዋል። እነዚህ ሰዎች ታላቅ ውለታ ውለዋል። ሆኖም መጻሕፍቱ የተዘጋጁት ለሊቃውንት ነው፤ ዋጋቸው ከባድ፣ ቋንቋቸው እንግሊዝኛ ነው። የአራተኛ ክፍል ተማሪ እናቱ ጎርፋ ስትሠራ የምትለውን ቃል በራሱ ቋንቋ አንብቦ እናቴ በመጽሐፍ ተጻፈች ሊል የሚችልበት ትንሽ መጽሐፍ ግን በመማሪያ ክፍሉ አይገኝም።

ጊዜው ደግሞ የሚጠብቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ አምስት የዝናብ ወቅቶች ተከታትለው በመቅረታቸው በቦረናና በሰሜን ኬንያ ስፍር ቍጥር የሌለው ከብት አለቀ። ላም ስትሞት የሚሞተው ሥጋዋ ብቻ አይደለም። ወተት ከሌለ የወተት ዕቃ አይሠራም፤ ዕቃ ካልተሠራ ሴቶች በአንድነት የሚቀመጡበት ሰዓት ይጠፋል፤ ያ ሰዓት ከጠፋ በዚያ ሰዓት ብቻ የሚነገረው ተረት የሚነገርበት ቦታ ያጣል። ከድርቁ በኋላ ከብቱ ቢተካ እንኳ ጀሪካኑ ቦታውን ይዞ ይጠብቃል። ጀሪካን ርካሽና ቀላል ነውና የገዛውን ሰው መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል፤ ጀሪካን ግን ተረት አያወራም።

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ተቃውሞ ይነሣል፤ መልስ ሳይሰጡ ማለፍም አይገባም። አንዳንድ ወላጆች፣ መምህራንም ጭምር፣ ልጅቱን ወደ ትምህርት ቤት የላክናት ከዚያ ሥራ እንድትወጣ ነው እንጂ ወደዚያው እንድትመለስ አይደለም ይላሉ። ይህ አነጋገር በብዙ መከራ የተገዛ እውነት አለበት። በአርብቶ አደሩ አገር ሴት ልጅን ከቤት ሥራ አላቅቆ በክፍል ውስጥ ማስቀመጥ ምን ያህል ትግል እንደ ጠየቀ በዚያ የሚሠሩ መምህራን ያውቁታል። የእጅ ሥራ ትምህርት ሴቷን ከሒሳብና ከሳይንስ ለማራቅ የሚያገለግል ሰበብ ከሆነ፣ ባይኖር ይሻላል።

ነገር ግን ተቃውሞው ሁለት የተለያዩ ነገሮችን አንድ አድርጎ ይመለከታል። ልጅቱ ጎርፋ እንድትሠራ ማስገደድ አንድ ነገር ነው፤ ጎርፋ መሥራት ዕውቀት መሆኑን እንድታውቅ ማድረግ ሌላ ነገር ነው። እናትዋ ምንም አታውቅም ብላ የምታምን ተማሪ ትምህርትን የምትቀበለው በኀፍረት ነው፤ በኀፍረት የተቀበለችውንም ትምህርት ወደ ቤትዋ ይዛ ለመመለስ ትቸገራለች። ያን ጊዜ ትምህርት ቤትና ቤት እንደ ሁለት አገር ይለያያሉ፤ በመካከላቸውም ከሞያሌው ድንበር የጠነከረ ድንበር ይቆማል። ደግሞም የክር ሥራ የሴት ብቻ ነው የሚለው አሳብ ሐሰት ነው፤ በዶርዜም በኮንሶም በሽመና ዕቃ ፊት የሚቀመጠው ወንዱ ነው። ስለዚህ ትምህርቱ ሲሰጥ ወንዱም ሴቷም በአንድነት ሊማሩት ይገባል።

የኬንያ የትምህርት ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1985 በተጀመረው የስምንት፣ አራት፣ አራት ዕቅድ የእጅ ሥራንና የቤት ሳይንስን ወደ አንደኛ ደረጃ አግብቶ ነበር፤ እርሱን የተካው አዲሱ ሥርዓተ ትምህርትም ተማሪው በእጁ የሚችለውን ነገር ከፍ አድርጎ ለመመልከት የታሰበ ነው። በሁለቱም አገሮች በታችኞቹ ክፍሎች በአፍ መፍቻ ቋንቋ ማስተማር ተፈቅዷል። የቦረና ልጅ በድንበሩ ወዲህም ወዲያም አንድ ቋንቋ ይናገራል፤ ቋንቋውም በሁለቱም ወገን በላቲን ፊደል ይጻፋል። እንግዲህ በአንዱ ወገን የተሰበሰበ ተረት በሌላው ወገን ያለ ትርጕም ሊነበብ ይችላል ማለት ነው። ለብዙ ነገር መሰናክል የሆነው ድንበር ለዚህ ሥራ መሰናክል አይሆንም።

ከዚህ የተነሣ መምህሩ ያለ ብዙ ገንዘብ ሊፈጽማቸው የሚችላቸው አራት ነገሮች አሉ።

አንደኛ፣ ተማሪዎች ከእናቶቻቸውና ከአያቶቻቸው ዘንድ ሄደው የወተት ዕቃ፣ የሰሌን፣ የፈትልና የስፌት አሠራር በቅደም ተከተል እንዲጽፉ ማድረግ ነው። ከምን ይሠራል? ዕፁ የት ይገኛል? ምን ያህል ቀን ይፈጃል? እያንዳንዱ ክፍል ምን ይባላል? በሥራው ጊዜ የሚነገረው ተረት የቱ ነው? ተማሪው ይህን ሲጽፍ ድርሰት መጻፍን ይማራል፤ መምህሩም በሌላ መንገድ የማያገኘውን መጽሐፍ ያገኛል።

ሁለተኛ፣ የተናጋሪዋን መብት ማክበር ነው። ተረቱን የነገረችው እናት ስምዋ እንዲጻፍ ብትፈቅድ ይጻፍ፤ ባትፈቅድ ይተው፤ ለውጭ ሰው አይነገርም ያለችውም ነገር አይጻፍ። ዕውቀትን ከድኻ ቤት ያለ ፈቃድ መውሰድ ከብት ከመንዳት አይሻልም።

ሦስተኛ፣ ሥራውን ከሒሳብና ከሳይንስ ጋር ማያያዝ ነው። የጎርፋው ዙር ሲሰፋና ሲጠብ የክብ ዙሪያና የይዘት ትምህርት ነው፤ የጢሱ ነገር ስለ ወተት መበላሸት ሊጠየቅ የሚገባው የሳይንስ ጥያቄ ነው፤ የተማሪው ሹራብ ቀለበት ከላይ እንደ ተገለጸው የከመቶ እጅ ትምህርት ነው። ከተማሪዎች አንዱ የራሱን አሮጌ ሹራብ ጫፍ በጥንቃቄ ፈትቶ ክሩ እንዴት እንደሚተሳሰር ቢያሳይ፣ ብዙ ሰዓት ከሚወስድ ገለጻ የበለጠ ይረዳል።

አራተኛ፣ የዓለምን ታሪክ ከቤቱ ታሪክ ጐን ማንበብ ነው። የኤሊዛ ተረት በክፍል ሲነበብ፣ ይህን የሚመስል ተረት በቤታችሁ አለን? ተብለው ተማሪዎች ይጠየቁ። ልጅቱ ስለ ወንድሞችዋ እጅዋን ማቃጠልዋ ልክ ነውን? ብሎ ወንዱም ሴቷም ይከራከር። እንዲህ ያለው ጥያቄ ሁለት ዓለም ያገናኛል፤ የሩቁን ቅርብ፣ የቅርቡን ደግሞ ክቡር ያደርጋል።

ክቡራትና ክቡራን መምህራን፤

ከሹራብ ሠሪዎች የሚወረስ አንድ ትምህርት አለ። አንድ ቀለበት ባመለጠ ጊዜ ሥራው ወዲያው አይፈርስም፤ ለጥቂት ጊዜ ደኅና ይመስላል። ከዚያ ግን ክሩ በተሳበ ቍጥር አንዱ መደዳ ከሌላው በታች ይተረተራል። ብልኅ ሠራተኛ የወደቀውን ቀለበት ገና በላይኛው መደዳ ሳለ ያነሣዋል፤ ቸልተኛው ደግሞ ታች ከደረሰ በኋላ ሥራውን ሁሉ ፈትቶ እንደ ገና ይጀምራል። የትውልድም ነገር እንዲሁ ነው። አያት የምታውቀውን እናት ግማሹን ታውቃለች፤ ልጅቱ ስሙን ብቻ ትሰማለች፤ የልጅ ልጅ ስሙንም አትሰማም። በሞያሌ የተፈታው ቀለበት ዛሬ በእናቲቱና በልጅቱ መካከል ነው፤ ገና በላይኛው መደዳ ላይ ስለ ሆነ ሊነሣ ይችላል። የሚያነሣውም መርፌ በተማሪዎቹ እጅ ያለው እርሳስ ነው፤ እርሳሱን የሚያስይዛቸው ደግሞ መምህሩ ነው።